ኢቲሞንላይንን በአንድ ቃል ፈተንኩት፦ «ሄድ»

የእንግሊዝኛ ቃል ከየት እንደመጣ ኢንተርኔት ላይ የሚፈልግ ሰው ዞሮ ዞሮ ኢቲሞንላይን ላይ ነው የሚያርፈው። ነፃ ነው። ተመዝገቡ አይልም። ቃሉን ትጽፋላችሁ፣ ከነዘር ማንዘሩ ይመጣላችኋል። ሰው ሁሉ ሊንኩን እየተቀባበለ «አሪፍ ነው» ይላል። አሪፍነቱ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ፣ የቱ ጋ ማመን የቱ ጋ መጠርጠር እንዳለብን ግን በአማርኛ የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም። ስለዚህ ልሞክረው።

ድረ ገጹን በሙሉ መገምገም ስለማይቻል አንድ ቃል መርጬ እስከ ጥግ ተከተልኩት። ቃሉ «ሄድ» ነው፤ ሂዱ ማለቴ ሳይሆን ራስ፣ ጭንቅላት የሚባለው የእንግሊዝኛው «ሄድ»። ለምን የሰውነት ክፍል? የሰውነት ክፍል ስሞች በየትኛውም ቋንቋ ከጥንታዊዎቹ ቃላት ውስጥ ናቸው። ሰው ቴሌቪዥን የሚለውን ቃል ከሌላ ይዋሳል እንጂ እጁንና እግሩን የሚጠራበትን ቃል ብዙ ጊዜ ከእናቱ ነው የሚወርሰው። ደግሞ እነዚህ ቃላት ከሰውነት ወጥተው የማይገቡበት የለም፤ ተራራ ላይ ይወጣሉ፣ ሚስማር ላይ ይቀመጣሉ፣ ትምህርት ቤት ይመራሉ። የቃል አመጣጥ ድረ ገጽ እዚህ ላይ ካልጎበዘ ሌላ ቦታ አይጎብዝም።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ቃሉ የመጣበትን መንገድ ለማየት በነፃ ከሚገኙት ውስጥ እንደ ኢቲሞንላይን የሚመቸኝ የለም። ቃሉ ዛሬ ምን ማለት እንደሆነና ሰው እንዴት እንደሚጠቀምበት ለማወቅ ግን ሌላ ቦታ መሄድ አለባችሁ። ይህን ድረ ገጹ ራሱም አልደበቀም፤ የቃል አመጣጥ ፍቺ አይደለም፣ ቃላት ከ600 ወይም ከ2,000 ዓመት በፊት ምን ማለት እንደነበሩና እንዴት ይሰሙ እንደነበር ማስረጃ ነው ብሎ መግቢያው ላይ ጽፏል። ችግሩ መግቢያ የሚያነብ ሰው የለም።

ትንሽ ስለ ባለቤቱ። ሥራውን የጀመረው ዳግላስ ሃርፐር የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ላንካስተር ከተማ የጋዜጣ አርታዒ ሆኖ የሠራ፣ ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነትም የጻፈ ሰው። የቋንቋ ሳይንስ ፕሮፌሰር አይደለም። ለአንዳንዱ ይህ ጉድለት ነው፤ እኔ ግን ጽሑፉ እንደ ሰው ወሬ የሚነበበው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የተጀመረው ስብስብ ዛሬ ወደ 50,000 የሚጠጉ ቃላትን ይዟል። ሃርፐር ድንጋይ ፈንቅሎ አዲስ ግኝት አያወጣም። ኦክስፎርድን ጨምሮ ትላልቆቹን መዝገበ ቃላት ያነብና ለእኛ በአጭር አንቀጽ ያቀርበዋል። ስለዚህ ምንጩ ከተሳሳተ እሱም ይሳሳታል። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ አማርኛው ስንደርስ ያስፈልገናል።

አሁን ወደ ቃሉ። «ሄድ»ን ስትፈልጉ ቀድሞ የሚመጣው የጥንታዊ እንግሊዝኛው ቅርጽ ነው፦ «ሄአፎድ»። ከሺህ ዓመት በፊት እንግሊዞች ጭንቅላታቸውን እንዲህ ነበር የሚጠሩት። ትርጉሙም ያኔውኑ ከአንገት በላይ ያለው ብቻ አልነበረም፤ ከፍ ያለ ቦታ፣ መሪ፣ አለቃም ማለት ነበር። ዋና ከተማን «ሄአፎድቡርህ» ይሉ ነበር፣ እኛ ርእሰ ከተማ እንደምንለው። ከዚያ ቃሉ እያጠረ መጣ። መሐል ላይ ያለችው «ፍ» ወደ «ቭ» ለስልሳ «ሄቨድ» ሆነ፣ ቀጥሎ «ቭ»ዋም ተውጣ «ሄድ» ቀረ። ጌታ የሚለው «ሎርድ» ላይም ይኸው ደርሷል፤ እሱ ሲጀመር «ህላፍዌአርድ»፣ የዳቦ ጠባቂ ነበር። ዛሬ «ሄድ» ውስጥ እየጻፍናት የማናነባት «ኤይ» የምትባለው ፊደልም አናባቢው ረጅም ከነበረበት ዘመን የቀረች ናት። ዳቦ በሚለው «ብሬድ» እና የሞተ በሚለው «ዴድ» ውስጥ ያለችውም ያቺው ናት። ልጅ ሆነን ይህን የሚነግረን ቢኖር ስፔሊንግ ስንሸመድድ ያን ያህል ባልተናደድን ነበር።

ዘመዶቹን ገጹ በተርታ ይደረድራል፦ የሆላንዱ «ሆፍት»፣ የጀርመኑ «ሃውፕት»፣ የጥንቱ የስካንዲኔቪያ «ሆፉድ»። ከዚያ ወደ ላይ ወጥቶ የላቲኑን «ካፑት» ያመጣል። እዚህ ላይ አዲስ አንባቢ ግር ይለዋል። «ሄድ» እና «ካፑት» ምን አገናኛቸው?

መልሱ የግሪም ሕግ የሚባለው ነው። ከወንድሙ ጋር ተረት በመሰብሰብ የምናውቀው ያዕቆብ ግሪም እ.ኤ.አ. በ1822 አፍታትቶ ያስቀመጠው ነው፤ ላቲን «ክ» በሚልበት ቦታ እንግሊዝኛና ጀርመንኛ «ህ» ይላሉ። ቀንድ በላቲን «ኮርኑ» ነው፣ በእንግሊዝኛ «ሆርን»። መቶ «ኬንቱም» ነው፣ «ሀንድረድ»። ውሻ «ካኒስ» ነው፣ በእንግሊዝኛ «ሃውንድ» የአደን ውሻ ሆኖ ቀርቷል። ልብም «ኮር» እና «ሃርት»። ይህን አንዴ ከያዛችሁ ድረ ገጹ ላይ ያለው ግማሹ ነገር ይገለጥላችኋል። ኢቲሞንላይን ግን በ«ሄድ» ሥር ቁጭ ብሎ ይህን አያስተምርም፤ ታውቃላችሁ ብሎ ያልፋል። ኮከብ ምልክት (*) ያለባቸው ቃላትም አሉ። ኮከቡ «ይህ ቃል ተጽፎ አልተገኘም፣ ሊቃውንት ዘመዶቹን አነጻጽረው የገመቱት ነው» ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ «ከ6,000 ዓመት በፊት ሰዎች እንዲህ ይሉ ነበር» እያለ ሲያወራ እሰማለሁ። አይሉም ነበር አልልም። ግን ቀርጾ ያስቀረልን የለም።

ሌላም ነገር አለ። «ካፑት» እና «ሄአፎድ» በተነባቢዎቹ ቢገጥሙም አናባቢያቸው በትክክል አይገጥምም፤ በላቲኑ አጭር «አ» ሲኖር የጀርመንኛ ቤተሰብ ቃላት «አው» የሚል ድምፅ ይፈልጋሉ። ሊቃውንቱ ይህን ለማስታረቅ የተለያየ ሐሳብ ያቀርባሉ። ኢቲሞንላይን ነገሩን በአጭሩ ይቋጨዋል፤ ጭቅጭቁን ማየት የሚወድ ሰው ዊክሽነሪ ወደሚባለው የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት ጎራ ቢል ይሻለዋል። ለተራ አንባቢ ማጠሩ ምንም አይደለም፤ ለሪሰርች ግን እዚህ ላይ አትቁሙ።

አሁን ወደ ምርጡ ክፍል ልምጣ። የሥሩን፣ ማለትም የ«ሄድ» እና የ«ካፑት» የጋራ መነሻ ተብሎ የተገመተውን የጥንት ቃል፣ ስም ስትነኩት ሌላ ገጽ ይከፈታል፤ ከዚያ ሥር የበቀሉ የእንግሊዝኛ ቃላት በሙሉ ተዘርዝረዋል። ሌላ ምንም ባይኖረው ለዚህ ገጽ ብቻ ድረ ገጹን እመክረው ነበር። ምክንያቱም በሽምደዳ ለየብቻ የያዝናቸው ቃላት አንድ ቤተሰብ ሆነው ይወጣሉ። የወጥ ቤት አለቃው «ሼፍ» እና አለቃ የሚለው «ቺፍ» አንድ ቃል ናቸው፤ ሁለቱም በፈረንሳይኛ በኩል ከ«ካፑት» የመጡ፣ አንዱ ቀድሞ ገብቶ «ች» ያለ፣ ሌላው ዘግይቶ መጥቶ የኋለኛውን የፈረንሳይኛ «ሽ» ይዞ የቀረ። «ካፕቴን» እዚያው ነው። «ካፒታል» እዚያው ነው፤ ዋና ከተማውም፣ የአረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ የሚጻፈው ትልቁ ፊደልም፣ የሞት ቅጣቱም (ጭንቅላት የሚያስከፍል ቅጣት ስለሆነ)፣ ባንክ የሚያስቀምጡትም።

የቀንድ ከብት የሚለውን «ካትል»ን ሳይ ግን ተገረምኩ። በመካከለኛው ዘመን ላቲን «ካፒታሌ» ማለት ዋና ሀብት፣ ንብረት ነበር። ይህ ቃል ወደ እንግሊዝኛ በሦስት በር ነው የገባው። በኖርማን ፈረንሳይኛ በኩል «ካትል» ሆነ፣ በፓሪሱ ፈረንሳይኛ በኩል «ቻተል» ሆነ፣ በቀጥታ ከላቲኑ ደግሞ «ካፒታል» ሆነ። «ካትል» መጀመሪያ ማንኛውም ንብረት ነበር፤ እየጠበበ ሄዶ ከብት ብቻ ቀረ። «ቻተል» ዛሬም በሕግ ቋንቋ ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው። ሕግ ተማሪ፣ አካውንታንትና ከብት አርቢ ሳይተዋወቁ አንድ ቃል ይጋራሉ ማለት ነው። በነገራችን ላይ እንግሊዞች ሰውንም ከብትንም በራስ ይቆጥራሉ፣ «ፐር ሄድ»፣ በላቲኑም «ፐር ካፒታ» ይላሉ። እኛ በነፍስ ወከፍ እንላለን። የእኛ ይበልጥብኛል።

መሐረብ የሚለውን «ሃንድከርቺፍ»ንም ፈልጉት። «ከርቺፍ» ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ የራስ መሸፈኛ ማለት። ሻሽ በሉት። ከዚያ በእጅ የሚያዘው መጣና «ሃንድ» ተጨመረበት። ስለዚህ ቃሉ ሲተነተን «የእጅ የራስ መሸፈኛ» ይሆናል፤ አንድ ቃል ውስጥ እጅም ራስም። «አቺቭ» ማለት ደግሞ መነሻው አንድን ነገር ወደ ራሱ፣ ወደ መጨረሻው ማድረስ ነው፤ እኛ ከዳር ማድረስ የምንለው። «ሚስቺፍ» ተቃራኒው ነው፣ ክፉ ጫፍ ላይ መድረስ። የመጽሐፍ ክፍል የሚለው «ቻፕተር» ትንሽ ራስ ማለት ነበር። ጎልፍ ላይ ቦርሳ የሚሸከመው «ካዲ» እንኳ ከዚሁ ዘር ነው፤ በደቡብ ፈረንሳይ «ትንሽ አለቃ» የሚል ቃል «ካዴት» ሆኖ ስኮትላንድ ሲደርስ ተላላኪ ሆነ። ከአለቃ ወደ ተላላኪ፣ ዕድል ማለት እንዲህ ነው።

የሕክምናና የጤና ተማሪዎች ብቻቸውን አንድ አንቀጽ ይገባቸዋል። «ባይሴፕስ» ማለት ባለ ሁለት ራስ ነው፤ የክንድ ጡንቻው በላይኛው ጫፉ ለሁለት ተከፍሎ ስለሚጀምር። «ትራይሴፕስ» ባለ ሦስት፣ የጭኑ «ኳድሪሴፕስ» ባለ አራት። ይህን ያወቀ ተማሪ ፈተና ላይ የጡንቻው መነሻ ስንት ነው ሲባል ስሙን አይቶ ይመልሳል። «ኦክሲፒታል» የሚባለው የራስ ቅል የኋላ አጥንትም ከ«ካፑት» ነው።

እዚህ ላይ ወጥመድ አለ፣ እኔም ድረ ገጹን ለመፈተን ሆን ብዬ ገባሁበት። «ሴፋሊክ»፣ «ኢንሴፋላይቲስ» የሚሉት የሕክምና ቃላትም ስለ ራስና አንጎል ናቸው፣ ድምፃቸውም «ሴፕስ» ከሚለው ጋር ይመሳሰላል። ማንም ሰው ያው አንድ ሥር ናቸው ይላል። አይደሉም። እነዚህ ከግሪክ «ኬፋሌ» የመጡ ናቸው፣ ትርጉሙ ራስ ቢሆንም ሥሩ ሌላ ነው። ኢቲሞንላይን አልተሸወደም፣ ለየብቻ ነው ያስቀመጣቸው። ሶሻል ሚዲያ ላይ በድምፅ መመሳሰል ብቻ ቃላትን እያጋቡ የሚውሉ ሰዎች (የእንግሊዝኛውን ቃል ሁሉ ከግእዝ የሚያወጡትን ጨምሮ) እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ ቢያዩት ጥሩ ነበር። መመሳሰል ዝምድና አይደለም፤ ዝምድና ያላቸውም «ሄድ» እና «ሼፍ»ን አይታችሁ እንደሆነ ምንም አይመሳሰሉም።

ወደ ድክመቱ ልዙር። «ሄድ» በዛሬ እንግሊዝኛ ብዙ ቦታ ገብቷል። የሚስማር ራስ አለ፣ የቢራ አረፋ አለ፣ የሰልፍ ፊት አለ፣ የወንዝ መነሻ አለ፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ አለ፣ አእምሮ አለ። መርከብ ላይ ሽንት ቤቱ «ሄድ» ይባላል፤ በድሮ መርከቦች መርከበኞች የሚጸዳዱት ከፊት፣ ከመርከቡ ራስ ላይ ስለነበር። ነጭ ሽንኩርት በ«ሄድ» ይቆጠራል፤ እኛም አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት እንላለን፣ ስለዚህ እዚያ ላይ አንቸገርም። ኢቲሞንላይን ከእነዚህ ውስጥ የተወሰኑትን ከነዘመናቸው ይነግራችኋል። አጠቃቀማቸውን ግን አያሳያችሁም። የዛሬ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር የለም፤ ይህ ጨዋ ነው፣ ያ ብልግና ነው፣ ይሄኛው በእንግሊዝ ነው፣ ያኛው በአሜሪካ ነው ብሎ የሚመክር ነገር ጥቂት ነው። «ሄድ» ደግሞ የብልግና ትርጉምም አለውና ሳያውቁ መወርወር ያሳፍራል።

ለአማርኛ ተናጋሪ የሚብሰው አባባሉ ነው። እኛ «ራሱን ሳተ» ስንል ሰውዬው ወደቀ፣ ውኃ አምጡ ነው። እንግሊዝኛው ግን «ጭንቅላቱን አጣ» ሲል ደነገጠ፣ መላ ቅጡ ጠፋበት፣ ሳያስብ አንድ ነገር አደረገ ማለቱ ነው፤ ሰውዬው በሁለት እግሩ ቆሟል። ሐኪም ቤት ሄዶ የመጀመሪያውን በሁለተኛው የተረጎመ ሰው ምን እንደሚገጥመው አስቡት። ይህን ከቃል አመጣጥ ገጽ አትማሩም። ለዚህ የተማሪ መዝገበ ቃላት አለ፤ የኦክስፎርድ፣ የካምብሪጅ ወይም የሎንግማን የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ኢንተርኔት ላይ በነፃ አሉ፣ ድምፁንም ያሰማሉ። ኢቲሞንላይን አነባበብ አይሰጥም። ለእኔ ይህ ትልቁ ጉድለቱ ነው። ቃሉ እንዴት እንደተለወጠ እያወራ ዛሬ እንዴት እንደሚባል አለመንገር ትንሽ ያስቃል።

አባባል ላይ ጥሩ የሆነበት ቦታም አለ። በፍቅር ተገለባብጦ ወደቀ ለማለት እንግሊዞች «ሄድ ኦቨር ሂልስ» ይላሉ፣ ራስ ከተረከዝ በላይ። ቆይ፣ ጭንቅላት ከተረከዝ በላይ የሆነ ሰው ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው አይደለም እንዴ? ኢቲሞንላይን ይህን ይመልሳል። የድሮው አባባል «ተረከዝ ከራስ በላይ» ነበር፣ እሱ ትርጉም ይሰጣል፤ በኋላ ቃላቱ ቦታ ተቀያየሩና ማንም ሳያርመው ቀረ። ሃርፐር እንዲህ ያለውን ሲያገኝ ደስ እንደሚለው ከአጻጻፉ ያስታውቃል።

ሌላው የገረመኝ ራስን የሚጠሩ ቃላት ከራስ ላይ እንዴት እንደሚለቁ ነው። ጀርመን ሄዳችሁ «ሃውፕት» የሚለውን የምታገኙት ከሰው አንገት በላይ ሳይሆን ባቡር ጣቢያ ላይ ነው፦ «ሃውፕትባንሆፍ»፣ ዋናው ባቡር ጣቢያ። ፍራንክፈርት የኖረ ሐበሻ ይህን ቃል ከስሙ እኩል ያውቀዋል። የጭንቅላትን ቦታ ደግሞ «ኮፕፍ» ያዘው፣ እሱም ሲጀመር ኩባያ ማለት ነበር። ፈረንሳዮችም ያንኑ አድርገዋል፤ ከ«ካፑት» የወረሱት «ሼፍ» አለቃ ሆኖ ሲሾም ጭንቅላቱን «ቴት» ወሰደው፣ የሸክላ ዕቃ ከሚል የላቲን ቃል። የድሮ ሰዎች ቀልድ ነው ይላሉ፣ «ማሰሮህን ልስበርልህ» ዓይነት። እኛስ? እኛም ጋ «ራስ» ማዕረግ ሆነ፣ «ራሴ፣ ራስህ» ሆኖ የሰውን ማንነት ያዘ፣ ራስጌና ራስ ምታት ላይ ቀረ፤ በር መቶን የሚያብጠው ግን ጭንቅላታችን ነው። ጎበዝ ልጅም ጭንቅላት አለው ነው የሚባለው። እንግሊዝኛ በዚህ በኩል ግትር ነው፤ «ሄድ» አለቃም ሆኖ አናትም ሆኖ ከአንገት በላይ አልወረደም።

አሁን ያዙልኝ ያልኩት ጉዳይ። «ራስ» ራሱ እንግሊዝኛ ውስጥ ገብቷል፤ በ«ራስታፋሪ» በኩል። ተፈሪ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1930 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ከመንገሣቸው በፊት ራስ ተፈሪ ነበሩ፣ የጃማይካው እምነትም ስሙን ከዚያ ወሰደ። ይህን ሁሉም መዝገበ ቃላት ይጽፋል። አንዳንዶቹ ግን የአማርኛው «ራስ» ከዓረብኛ የተወሰደ አድርገው ያልፋሉ። ይህ ስህተት ነው። ግእዝ «ርእስ» አለው፣ ዓረብኛ «ራእስ»፣ ዕብራይስጥ «ሮሽ»፣ የጥንቱ አካድኛ «ሬሹ»። እኩያ ወንድማማቾች ናቸው እንጂ አንዱ የሌላው ልጅ አይደለም። በአጠቃላይ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ወደ ላቲንና ግሪክ ሲሄዱ ያላቸው ጥንቃቄ ወደ ሴም ቋንቋዎች ሲመጡ ይላላል፣ ከእነሱ የሚቀዳውም ድረ ገጽ ያንን ይወርሳል። ስለዚህ ኢቲሞንላይን ላይ «ከአማርኛ»፣ «ከዓረብኛ»፣ «ከዕብራይስጥ» የሚል ስታዩ ሌላ ቦታ አመሳክሩ።

ለዚህ የምመክረው አሜሪካን ሄሪቴጅ የተባለውን መዝገበ ቃላት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ከወጣው አራተኛ እትሙ ጀምሮ የሴም ሥሮች ዝርዝር በአባሪ ይዟል፣ ጆን ሂውነርጋርድ የተባለ የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ያዘጋጀው። ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይታያል። እኛ ያንን ሥር ይዘን ብዙ ርቀት መሄድ እንችላለን። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን የዕብራይስጡን አዲስ ዓመት «ሮሽ ሃሻና» ይላሉ፣ የዓመት ራስ፤ የግእዙም «ርእሰ ዐውደ ዓመት» ያው ነው። ኤምሬትስ የሠራ ሰው «ራስ አል ኸይማ»ን ያውቃል፣ የድንኳኑ ራስ፤ እዚያ «ራስ» ወደ ባሕር የገባ የመሬት ጫፍ ነው፣ እንግሊዝኛው «ኬፕ» እንደሚለው፣ እሱም ከ«ካፑት» የመጣ ነው። ፊደላችን «ረ» ደግሞ በግእዝ ስሟ «ርእስ» ትባላለች። የዕብራይስጧ «ሬሽ» ናት፣ የግሪኳ «ሮ» ናት፣ ከዚያም የላቲኗ «አር» ሆናለች። መነሻዋ የሰው ራስ ሥዕል ነበር።

ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር እንግዲህ እንዲህ ነው። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት፣ ከ1884 እስከ 1928 በክፍል በክፍል ታትሞ ያለቀው፣ በ1989 ሁለተኛው እትሙ 20 ጥራዝ የሆነው፣ የሁሉም አባት ነው። እያንዳንዱን ትርጉም ከነጥቅሱ በዘመን ቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ «ሄድ» ብቻውን አንድ ቀን ያስውላል። ግን በክፍያ ነው፣ ክፍያውም ለእኛ ኪስ ይከብዳል። እንግሊዝ አገር የምትኖሩ የሰፈራችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ካወጣችሁ ብዙዎቹ ከቤት ሆናችሁ በነፃ ያስገቧችኋል፤ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩም ትምህርት ቤታችሁን ጠይቁ። ዊክሽነሪ ነፃ ነው፣ አነባበብ አለው፣ የሌሎች ቋንቋዎችን ቃላት ጎን ለጎን ያሳያል፤ ግን ማንም ስለሚጽፍበት አንዱ ገጽ የሊቅ ሥራ ሆኖ ሌላው ገጽ የማይረባ ሊሆን ይችላል። ኢቲሞንላይን መሐል ላይ ነው። እንደ ኦክስፎርድ አይጠልቅም፣ እንደ ዊክሽነሪ አይዘበራረቅም፣ ከሁለቱም ይልቅ ደግሞ ለንባብ ይጥማል።

ዓመቶቹን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ። ከቃሉ አጠገብ የሚጻፈው ዓመት ቃሉ የተወለደበት አይደለም፤ እስካሁን በተገኘ ጽሑፍ ላይ መጀመሪያ የታየበት ነው። ሰው ከመጻፉ በፊት ስንት ዘመን ሲናገረው እንደኖረ ማን ያውቃል። የቆየ ጽሑፍ ሲገኝም ዓመቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። «ይህ ቃል በዚህ ዓመት ተፈጠረ» ብላችሁ ፖስት ከማድረጋችሁ በፊት ይህን አስቡበት።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ስልክ ላይ ቶሎ ይከፈታል፣ ዳታም ብዙ አይበላም፤ የሚያስቸግረው ማስታወቂያው ነው፣ በተለይ ረጅም ገጽ እያነበባችሁ መሐል ላይ ሲገባ። አፕም አለው፣ ለክሮም የሚሆን ማስፋፊያም አለው፤ ማስፋፊያውን ኮምፒውተር ላይ ለሚያነብ ሰው እመክራለሁ፣ ቃሉ ላይ ነክቶ አመጣጡን ማየት ይቻላል። ገጹን ወደ ቻይንኛ፣ ጀርመንኛ፣ ስፓኒሽና ወደ ሌሎች ጥቂት ቋንቋዎች ተርጉመው አቅርበዋል፣ አማርኛ የለበትም። አሕጽሮተ ቃላቱም መጀመሪያ ላይ ያስቸግራሉ፣ ከቆይታ በኋላ ግን ዓይን ይለምዳቸዋል።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለአነባበቡና ለሴም ቋንቋዎቹ ነው። እንግሊዝኛ ገና ለጀመረ ሰው አልመክረውም፣ ግራ ያጋባዋል። ለቶፍልና ለአይልትስ የምትዘጋጁ፣ የምታስተምሩ፣ የምትተረጉሙ፣ የጤና ትምህርት ላይ ያላችሁ ግን ዛሬውኑ ክፈቱት። በ«ካትል» ወይም በ«ባይሴፕስ» ጀምሩ፣ ሥሩን ነክታችሁ የቤተሰቡን ገጽ ክፈቱ፤ ተማሪዎቹ ደግሞ ጎን ለጎን አንድ የተማሪ መዝገበ ቃላት በሌላ ታብ ክፈቱ።